ተሾመ አለሙ ሸጎሌ

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የአገራችን ቅጽ ከዚህ አያልፍም። ከአያት በላይ ያለውን ዘመድ ባንክም ሆነ ሆቴል፣ ቀበሌም ሆነ ትራፊክ ፖሊስ አይፈልገውም። ቅድመ አያቱን የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ርስት ይከራከራል፣ ወይ ልጁን ሊድር ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ወይ ደግሞ ሞቅ ብሎታል። እኔ ከሦስቱም አንዱን ሳልሆን አሶሳ በገባሁ ማግስት አዲስ አያት ነበረኝ።

የሄድኩት ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ያዦች ሥልጠና ልሰጥ ነው። አውሮፕላኑ እኔን አሶሳ አደረሰኝ፤ ሻንጣዬን የት እንዳደረሰው የሚነግረኝ ግን አጣሁ። «ነገ ይመጣል» አሉኝ። ነገ የሚባለው ቀን በሻንጣ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ሻንጣ የጠፋበት ሁሉ ያውቀዋል። በለበስኳት ሸሚዝና በብብቴ በያዝኳት ማስታወሻ ደብተር ባጃጅ ተሳፈርኩ። አሶሳ ከሰዓት በኋላ ትሞቃለች። መንገድ ዳር የማንጎ ዛፎች፣ በጥላቸው ሻይና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፣ ደማቅ ቶብ ያጣፉ እናቶች፣ የቀርከሃ አጥር። ከአንዱ ሱቅ የሱዳን ዘፈን ይሰማል፣ ከሚቀጥለው የወሎ። የባጃጁ ሹፌር ሁለቱንም እያፏጨ ወሰደኝ።

ማረፊያው መብራት ጠፍቶበታል። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ በግራ እጁ የስልኩን ባትሪ አብርቶ፣ በቀኙ መዝገቡን ይሞላል። መታወቂያዬን ብሰጠው ኮፒ ማሽኑ ያለ መብራት እንደማይሠራ ነገረኝና መለሰልኝ።

«ስም ጋሼ?»

«ተሾመ።»

«የአባት?»

«አለሙ።»

በዚህ ጊዜ ከጓሮ ጀነሬተሩ ተነሳ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ አምፖሉ ቦግ እልም አለ። ልጁ ተጫዋች ነገር ነውና «ከአዲስ አበባ የት ሰፈር?» ብሎ ጮኸ። «ሸጎሌ!» ብዬ እኔም ጮኽኩ። የጠየቀኝ ለጨዋታ ነው፤ እጁ ግን ጆሮው የሰማውን ሁሉ በተራው ሳጥን ማስፈር ለምዷል። እንዲህ ሆኖ ወሎ ውስጥ የቃሉ ሰው የነበሩት አያቴ ይማም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመዝገብ ወጡ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ጉዳዩ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። የማረፊያው ባለቤት አባት፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት፣ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ቡናቸው ዝንጅብል የበዛበት ነው፤ የመጀመሪያው ፉት ጉሮሮን ይፍቅና ዓይንን እንባ ያስቀርራል። እስክረጋጋ ታገሡኝ።

«ሸጎሌ የምትባለው አንተ ነህ?»

«እኔ ተሾመ ነኝ አባባ። ሸጎሌ ሰፈሬ ነው።»

«ሰፈር!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው እስኪያልቅ ሲኒያቸውን መሬት አስቀመጡ። «ሰፈር የምትለው እኮ ሰው ነው ልጄ። ሼህ ኾጀሌ ናቸው።»

«ኾ»ዋን ከጉሮሯቸው ጫፍ ጎትተው አወጧት፤ እኛ መሀል አገር ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ድምፅ የምናወጣው አጥንት ሲያንቀን ብቻ ነው።

አዲስ አበቤ ሸጎሌን የሚያውቀው በበዓል ዋዜማ ነው። ቴሌቪዥኑ ካሜራውን ይዞ ሸጎሌ የቁም እንስሳት ገበያ ይወርድና የበሬ ዋጋ ሰምቶ ያስደነግጠናል። ከዚያ ቀጥሎ የአውቶቡስ ዴፖው አለ፤ ከዚያ የታክሲው ረዳት አለ፣ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ፣ ሁለት ሰው!» የሚለው። እኔ ለዓመታት በዚህ ጥሪ ተሳፍሬ ስገባ ስወጣ፣ የተሳፈርኩት ወደ አንድ የበኒሻንጉል ገዥ ስም መሆኑን ያሳሰበኝ አልነበረም። ስሙ ከአፍ አፍ ሲዞር ተሸራርፏል፤ «ሼህ ኾጀሌ ቤት» የነበረው መጀመሪያ ጉሮሮውን ጣለ፣ ቀጥሎ መሀሉን ዋጠ፣ በመጨረሻ ማዕረግና ስም አንድ ላይ ተጋግረው ሸጎሌ ሆኑ። መኖሪያቸው የነበረው ቤት ዛሬም በዚያው በጉለሌ በኩል አለ፤ ከከተማዋ አሮጌ ቅርሶች ይቆጠራል። ብዙ ተሳፋሪ ግን ዋጋውን ከፍሎ ይወርዳል እንጂ ማን ቤት እንደወረደ አይጠይቅም።

ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን የወታዊጥ ባላባት ነበሩ። ወታዊጥ የሚባሉት ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ከሱዳን ሽቅብ የወጡ ነጋዴዎችና ፈቂ የሚባሉ የሃይማኖት መምህራን የበርታ ባላባቶችን ሴቶች ልጆች አግብተው ያፈሯቸው ናቸው። አማቹ መሬት አለው፣ ሙሽራው ጨውና ጨርቅ አለው፣ ልጁ ሁለቱንም ይወርሳል፤ ስሙ ደግሞ በአባት ወገን ዐረብኛ ሆኖ ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሩ በሦስት ሸሆች እጅ ነበር። ቤላ ሻንጉልን ዐብዱራሕማን ኾጀሌ፣ ኾሞሻን ቱር አል ጉሪ የተባሉት መሐመድ፣ አሶሳን ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ይገዙ ነበር። ልብ በሉ፤ አንዱ ራሳቸው ኾጀሌ ናቸው፣ የሌላኛው አባት ኾጀሌ ነው። አንድ ፈረንጅ ይህን ዝርዝር ቢያይ «አሃ፣ የኾጀሌ ቤተሰብ» ብሎ ዛፍ ይስልላቸው ነበር። ጎረቤትና ባላንጣ መሆናቸውን ዛፉ አያሳይም።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን የዳግማዊ ምኒልክን ጦር ይዘው መጡና አገሩ ተያዘ። ሼህ ኾጀሌም ውለው አድረው ተይዘው አዲስ አበባ ታሰሩ። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የሱዳንን ወሰን ሲፈራረሙ በኒሻንጉል በእኛ በኩል ቀረ። የሸሁ ብልሃት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከእስር ወጥተው፣ ለቤተ መንግሥት ወርቅ እየገበሩ፣ ከሁለቱ ባላንጣዎቻቸው በላይ ሆነው አገሩን ጠቀለሉት፤ በ1930 ዓ.ም. እስኪሞቱም ኃያል ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ እስረኛ ሆነው ገቡባት፣ ሰፈር ሆነው ቀሩባት። አገራቸውን የያዙት ራስ መኮንን ደግሞ ፒያሳ አጠገብ ድልድይ ሆነዋል። ከሸጎሌ ፒያሳ በታክሲ የሚሄድ ሰው አገሩ ከተያዘበት ተነስቶ ከያዘው ጋ ይወርዳል፤ መልስ ካለው ይቀበላል።

አዛውንቱ ይህን ሲያጫውቱኝ ሥልጠናው ተረሳኝ። እሳቸው ወርቁን እንጂ ባሪያውን አላነሱም። የሸሁ ሚስት የሲት አምና ስም በሱዳን የነበሩት እንግሊዞች ከባሪያ ንግድ ጋር አያይዘው ደጋግመው የሚያነሱት ስም ነው። ቤተ መንግሥት ይላክ የነበረውም ግብር ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበረበት። ይህን ያነሳችልኝ በማግሥቱ በሻይ ሰዓት አንዲት ሠልጣኝ ናት። የአያቷ እህት በልጅነቷ ወደ መሀል አገር ተወስዳ ቀርታለች። «እዚያ ሌላ ስም ነው የሚሰጧቸው» አለችኝ፣ ስኳሩን እያማሰለች። «ብንፈልግስ በምን ስም ነው የምንፈልጋት?» የሸሁ ስም ሰፈር፣ ገበያና ዴፖ ሆኗል። እሷን የወሰዱበት መንገድ ላይ የእሷን ስም የሚጠራ ረዳት የለም። ስም በዘር ይሄዳል የሚሉ ሰዎች ይህን መንገድ ቢያዩት ጥሩ ነው፤ ስም የሚሄደው ማስጠራት የሚችል ካለ ነው።

ወደ ኾጀሌ ልመለስ። ስሙ አሶሳ የተወለደ አይደለም። ካርቱም ውስጥ፣ በሰማያዊው አባይ ማዶ ባለው በባሕሪ፣ ሒላት ኾጀሊ የሚባል ሰፈር አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሼህ ኾጀሊ የሚባሉ ወሊይ መቃብር በዚያ ይገኛል፤ ሱዳኖችም ለበረከቱ ብለው ልጆቻቸውን በስሙ ይጠራሉ። የበኒሻንጉል ወንዞች ወደ አባይ ገብተው፣ አባይ ጉባ ላይ የተሠራውን ግድብ አልፎ፣ ካርቱም በዚያ ሰፈር ሥር ያልፋል። ውኃው ቁልቁል ሲወርድ ስሙ ሽቅብ ወጣ ማለት ነው፤ በነጋዴ አህያ አሶሳ ደረሰ፣ ከእስረኛ ጋር አዲስ አበባ ገባ። አሁን በሁለት ዋና ከተማ ሁለት ሰፈር አለው። አንዱ ከነመቃብሩ፣ አንዱ ከነበግ ተራው።

አገሩ ራሱ እንኳ በስም ረገድ ተመሳሳይ ጉድ ደርሶበታል። መንጌ በሚባለው ወረዳ በርታዎች የሚያከብሩት ድንጋይ አለ። ቤላ ሻንጉል ማለታቸው የሻንጉል ድንጋይ ማለታቸው ነው። ከሱዳን የመጡት «ቤላ»ን «በኒ» አደረጉት፤ በኒ ደግሞ በዐረብኛ የእገሌ ልጆች ማለት ነው። በቃ፣ ድንጋዩ አባት ሆነና አንድ ክልል ሙሉ ሕዝብ የድንጋይ ልጅ ተባለ። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው እያንዳንዱ የራሱ ዘር ቆጠራ አለው፤ ከሻንጉል ተወለድኩ የሚል ግን አላገኘሁም። ቤተሰብ የሌለው የቤተሰብ ስም ብዬ ለአዛውንቱ ብነግራቸው፣ «ድንጋይ ከሰው ይሻላል፤ ርስት አይካፈልም» አሉኝ።

ሥልጠናው ተጀመረ። አዘጋጆቹ የስም ዝርዝር የወሰዱት ከማረፊያው መዝገብ ነው፤ ክፍያውም እዚያ ስለነበረ ለእነሱ አቋራጭ ሆነላቸው። አቴንዳንሱ ላይ አሠልጣኝ፦ ተሾመ አለሙ ሸጎሌ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይም፣ ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተንጠለጠለው ካርድ ላይም እንዲሁ። ይታረም ብዬ ብጠይቅ አስተባባሪው ካርዱን አገላብጦ አየና «ያምርብዎታል» አለኝ። ሻንጣዬ አልመጣም፤ ሸሚዜ ማታ ታጥቦ ጠዋት እርጥቡን ይለበሳል። እርጥብ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ስለ አያቱ የሚከራከርበት ወኔ አይኖረውም።

ካርዱ ግን ይሠራል። ባጃጅ ውስጥ አየት ያደረገኝ ሹፌር «የሼሁ ሰው?» ብሎ ሒሳቡን አልቀበልም አለ፤ ለምኜ ከፈልኩት። ከሠልጣኞቹ አንዱ ቤቱ ምሳ ጠራኝ። ገንፎው በደረቅ ባሚያ ወጥ ቀረበ፤ ወጡ ሲያነሱት ክር እየመዘዘ ይከተላል፣ ክሩን በጣት ጠቅለል አድርጎ መቁረጥ ይፈልጋል። እኔ ያንን ጥበብ እስክይዝ ሸሚዜ ላይ ካርታ ተሳለ። የቤቱ እናት ካርዴን አነበቡ፣ ፊቴን አዩ፣ እንደገና ካርዴን አነበቡ። «በአፍንጫ ይመስላቸዋል» ብለው ፈረዱ። ሸሁን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል እንዳላዩዋቸው ጠየቅሁና አረጋገጥኩ፤ ፍርዱ ግን አልተነሳልኝም። ሰፈሩ ሁሉ ሊያየኝ ገባ። አንዱ በበርታዎች ቋንቋ በሩጣና ሰላም አለኝ፣ ሌላው በዐረብኛ፤ ሦስተኛው፣ ቀጠን ያለ ጎልማሳ፣ በጥርት ያለ የወሎ አማርኛ «ቃሉ ነኝ አላልክም ነበር እንዴ?» አለኝ።

ይህ ሰው ሠልጣኜ ነው፤ አምባ 14 ነዋሪ። የአሶሳን ዙሪያ ያየ ሰው ቁጥር የያዙትን መንደሮች ያውቃቸዋል፦ አምባ 14፣ መገሌ 32፣ ሰልጋ 24። በደርግ ጊዜ፣ በተለይ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ፣ ከወሎ የተጫነው ሰው የሰፈረባቸው ናቸው። መንደሩን የሠራው ኮሚቴ ስም ለማውጣት ጊዜ ስላልነበረው ቁጥር አወጣ። እናም እዚህ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የአባቱን ስም ይናገራል፣ «የት ነህ?» ሲባል ቁጥሩን ይናገራል፤ ሲቆይ ቁጥሩ ከአባቱ ስም ይበልጥ መታወቂያው ይሆናል። የአምባ 14ቱ ሰው አባት ልጆቻቸውን ሰብስበው ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸው እንደነበር፣ ከአባታቸው አባት ላይ ግን ሁልጊዜ ድምፃቸው ይቆረጥ እንደነበር አጫወተኝ። የእኚያ ሰው መቃብር ደላንታ ቀርቷል። እሱ ራሱ አሶሳ ተወልዶ፣ በርታ አግብቶ፣ የመጀመሪያ ልጁን በአያቱ ስም ጠርቶታል። ልጁ አባቱን በአማርኛ፣ እናቱን በሩጣና፣ ኳስ ጓደኞቹን በዐረብኛ ይሳደባል አለኝ፣ በኩራት።

ማታ ከቨርጂኒያ ወንድሜ ደወለ። የመጣሁበትን ስነግረው የአሥር ዓመት ልጁ ስልኩን ነጠቀችው። ትምህርት ቤታቸው የቤተሰብ ስማችሁን አመጣጥ አጥንታችሁ በካርቶን ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸዋል። እሷም ከሁሉ አስቀድማ ሥራውን የጨረሰች ጓደኛ አላት፤ የአየርላንድ ዘር ናት፣ ስሟ ኦብራይን ነው፣ ካርታም ጋሻም ይዛ መጥታለች።

የኦብራይኖችን ነገር እኔም አውቀው ነበር፤ ድሮ የገዛሁት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ብራያን ቦሩ የሚባል የአየርላንድ ንጉሥ በ1014 እ.ኤ.አ. ደብሊን አጠገብ ክሎንታርፍ ላይ በተደረገው ውጊያ ሞተ። ልጅ ልጆቹ በስሙ ተጠሩ፤ «ኦ» ማለታቸው የልጅ ልጅ ወይም ዘር ማለታቸው ነው፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ። ሱዳኖች «ወድ» እንደሚሉት። ብዙው አውሮፓ በአባቱ ስም እየተጠራ ልጁ ሲወለድ ስም ሲቀያይር፣ አየርላንዶች ቀድመው አንዱን አያት ቸንክረው አስቀሩት። ከዚያ እንግሊዝ ገዛቸውና ብዙዎቹ «ኦ»ዋን ጣሏት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገር ስሜት ሲነቃ መልሰው አነሷት። በመሀል ደግሞ በ1845 እ.ኤ.አ. የድንች በሽታ መጣና ረሃብ ገባ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል በመርከብ ተሰደደ። ክሌር በተባለ አውራጃ ይታወቅ የነበረው ስም ቦስተንና ኒውዮርክ ደረሰ። የአምባ 14ቱን ሰው አስታወሰኝ፤ የቃሉንና የደላንታን ስም ኩርሙክ ድንበር ድረስ የበተነውም ረሃብ ነው። ልዩነቱ አሜሪካኖቹ ኦብራይኖች ጋሻ ማሠራታቸው ነው።

«የእኛ የቤተሰብ ስም ከየት መጣ?» አለችኝ የወንድሜ ልጅ።

የእነሱ የቤተሰብ ስም ይማም ነው። ወንድሜ አሜሪካ ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ የነበረው ስም ተይዞ፣ አያታችን ይማም ከቃሉ ሳይወጡ የቨርጂኒያ ቤተሰብ መሥራች ሆኑ። የወንድሜ ሚስት የግርማ ልጅ ናት፤ ሐኪም ቤት ስትሄድ ሚስስ ይማም ይሏታል፣ በልጆቹ አያት አባት ሚስትነት ተመዝግባለች ማለት ነው። ካናዳ ያለው ታላቃችን ደግሞ ፓስፖርቱ ሁለት ስም ብቻ ስለነበረው አለሙ ሆኖ ቀረ። ያንድ እናት ልጆች በሁለት ቤተሰብ ተከፈልን። የልጆቹ ልጆች ከመቶ ዓመት በኋላ ቢገናኙ አይተዋወቁም፤ ሰባት ቤት የሚቆጥርላቸው ከሌለ ይጋባሉ።

አገር ቤትም ይህ ነገር ሊመጣብን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ሕጉ ቁጥር 32 ላይ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ጉዳዩ ለፈረንሳዊ ግልጽ ነው፤ ስም የሌለው ቤተሰብ ሊታየው አይችልም። ሕጉ ሲወጣ አባቴ ጎልማሳ ነበር፤ በሕግ የተረጋገጠ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ሳይሰማ ኖሮ ሞተ። አገሩ በሙሉ እንዲሁ። ሕጉን የሻረው የለም፣ የፈጸመውም የለም። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት አዋጅ 760 ወጥቶ ልደት ግዴታ ሆኖ መመዝገብ ሲጀምርም ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ያው ስም፣ አባት፣ አያት ነው። እኔ ይህን እንቢታ እወደዋለሁ። ሴት ልጅ አግብታ የአባቷን ስም አትጥልም፤ አያት ልጅ ልጁ ሲወልድ ቦታውን ለልጁ ይለቃል። ሙታን ጡረታ የሚወጡበት አገር ነው። ቅጽ አስሞላለሁ የሚል ግን ይህ አይዋጥለትም።

ለልጅቷ ግን ይህን ሁሉ በስልክ ማስረዳት አልተቻለም፤ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ነው። ሸጎሌ፣ ኾጀሌ፣ ካርቱም፣ ወሊይ፣ ወርቅ፣ እስር እያልኩ የቀኑን ወሬ ነገርኳት። ከወሬው የተያዘላት የቱ እንደሆነ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ ካርቶኗ ላይ «ይማም» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ የአባይን ወንዝ ስላ፣ ካርቱምንና አሶሳን በወርቅ ቀለም ነጥባ፣ አናቱ ላይ ጥምጥም ያደረጉ ሸሁን አስቀመጠች። መምህሯ ወደደችው። ወንድሜ ደውሎ «ልጄን ማን አስመሰልካት?» ብሎ ጮኸብኝ። የኦብራይኗ ልጅ ግን በጣም ቀንታለች አሉ፤ የእሷ ንጉሥ ወርቅ አልነበረውም።

ሥልጠናው አለቀ፣ ሻንጣዬ በመሄጃዬ ዋዜማ ደረሰ፣ አዛውንቱ ለጉዞዬ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ሲሰናበቱኝም «ሸጎሌ ስትደርስ ቤቱን እይልኝ» አሉኝ። አየሁላቸው። ከመንገድ ቆሜ፣ ከጎኔ በግ የሚጎትት ሰው ቆሞ፣ አብረን አየነው። «ምን ይሸጣል?» አለኝ ባለበጉ።

ዋናው መከራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አበሌ በባንክ ተላከ፤ ባንኩ መለሰው። የላኩት ለተሾመ አለሙ ሸጎሌ ነው፣ ሒሳቡ የተሾመ አለሙ ይማም ነው። አዘጋጁን መሥሪያ ቤት ብለምን፣ ክፍያው የሚፈጸመው አቴንዳንሱ ላይ በሰፈረው ስም ነው፣ አቴንዳንሱን መቀየር ደግሞ ሰነድ ማጭበርበር ነው አሉኝ። የተሰጠኝ የምስክር ወረቀትም፣ ባለ ሁለት ማኅተሙ፣ ያንኑ ይላል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ከወረዳ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ወረዳው ደግሞ የሚያውቁኝ ሦስት ምስክሮች ጠየቀኝ።

የዕድራችንን ሰዎች ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ ያለ ጥያቄ ፈረሙ። ሦስተኛው ጋሽ እሸቱ፣ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡና ብዕሩን መለሱ።

«ይማምን አውቃለሁ፤ ልጅህን ስናሳርስ ስማቸውን አንስተህ ነበር። ይሄ ሸጎሌ የሚባለውን ግን አላውቀውም። በማላውቀው ሰው አልምልም።»

«ሸጎሌ ሰፈራችን ነው እኮ ጋሽ እሸቱ።»

«ታዲያ ሰፈር እንዴት አያት ይሆናል?»

ሼህ ኾጀሌን፣ ራስ መኮንንን፣ ጀነሬተሩን ነገርኳቸው። ወረፋ የያዙትም ሰዎች ሰሙ፤ አንዲት ሴት ሒላት ኾጀሊ አጠገብ ሠርታ እንደመጣች ተናግራ መሰከረችልኝ። የወረዳው ጸሐፊ፣ ወጣት ልጅ፣ እጇን አገጯ ላይ ጭና አዳመጠችን። ሲደክማት «ጋሼ፣ አያት እኮ ሁለት ነው። የእናትዎ አባት ነው በሉኝና ልጻፈው» አለችኝ።

ጋሽ እሸቱ አሰብ አደረጉ። «እንደሱ ከሆነ እፈርማለሁ፤ የእናቱን አባት አላውቃቸውም፣ አይደሉም ማለትም አልችልም።» ፈረሙ። ማኅተሙ አረፈ። አበሌ በሳምንቱ ገባ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ አባቷ ፊታውራሪ እንደነበሩ ለተገናኘችው ሁሉ ትናገራለች። ይህን ወረቀት እስካሁን አላየችውም፤ የት እንደደበቅሁት ለባለቤቴም አልነገርኩ።